ለሻምበል የበራ ቀይ አምፖል

ማክሰኞ

ዛሬም ባሌ ስለ ሻምበል ጠየቀኝ። በአራት ቀኔ ድምፁን ብሰማ፣ ከአማሪሎ ከተማ ደውሎ የመጀመሪያ ጥያቄው፦ «ሻምበል ስንት ዲግሪ ላይ ነው?» ሻምበል ማለት ባሌ ገዝቶ፣ ማዕረግ ሰጥቶ፣ ለእኔ ጥሎልኝ የሄደ ፂማም እንሽላሊት ነው። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በቤቱ ያለው ሥልጣን የእሳቸው ነውና።

ስልሳ ሰባት ፋራናይት አልኩት። «ማታ ከስልሳ አምስት እንዳይወርድ። መብራቱን ግን አጥፊለት፤ ጨለማ ካልሆነ አይተኛም።» እኔ በስንት ዲግሪ እንደምተኛ የጠየቀ የለም።

ለስድስት ወር ብሎ የጀመረው የረጅም መንገድ ትራክ ሹፌርነት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚሁ ቅርባችን፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለ አንድ መጋዘን የከተማ ሹፌር ይፈልጋል፤ ማታ ማታ ቤት የሚያሳድር ሥራ። ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ነገርኩት። «አስብበታለሁ» አለ። ይህ በባሌ ቋንቋ «ደህና እደሪ» ማለት ነው።

ረቡዕ

ብርድ ገባ። ከተማችን ሮውሌት ፍሪጅ ሆና አደረች። የሻምበል ቴርሞሜትር፦ ስልሳ አንድ። ጠቁረው፣ አንድ ዓይናቸውን ብቻ ገልጠው ገመገሙኝ።

ከሥራ ስወጣ የእንስሳት ዕቃ መደብር ገባሁ። ሻጩ «ቀዩን አምፖል ውሰጂ፣ ቀይ አይታያቸውም» አለኝ። አመንኩ። ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ካለው የመስታወት ሳጥናቸው በላይ ሰካሁት። ቤቱ በሙሉ ቀላ።

ሻምበል፦ ሰባ አንድ ዲግሪ።
እኔ፦ ሁለት ካልሲና የባሌ ሹራብ። ያላጠብኩት በስንፍና አይደለም፤ ገና እሱን እሱን ይሸታል።

ሐሙስ

ሻምበል ሌሊቱን መስታወት ሲቧጥጡ አደሩ። ቁርስ እምቢ።

ፊት ለፊት የሚኖሩት እትዬ አስካለ ፓርኪንጉ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔን አያገባኝም» ብለው ጀመሩ፤ በጣም እንዳገባቸው አወቅሁ። «ባልሽ መንገድ ላይ ነው። መስኮትሽ ላይ ቀይ መብራት። በእኛ አገር የምን ቤት እንደሚያበራው መቼም አታጪውም።»

«ለእንሽላሊቱ ነው፣ እትዬ።»

«አሃ፣ እንደዚያ ነው የምትዪው?»

ዓርብ

ወሬ ነዳጅ አይፈልግም፤ በአንድ ሌሊት ባሌ ያለበት አልበከርኪ ደርሷል። ባሌ በምሳ ሰዓት ደወለ። ዲግሪ አልጠየቀም።

«ቤት ማን አለ?»

«ሻምበል።»

«ሌላስ?»

ዝም አልኩ። ኃጢአት ነው፤ ግን ስለ እኔ ሲጠይቅ ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው። ከዚያ ነገርኩት፦ ብርዱን፣ አምፖሉን፣ እትዬን።

«ቀይ? ኧረ እሱ ቀይም ይታየዋል። በዚያ ብርሃን እንዴት ይተኛል?» አለ። «ማለቴ... አንቺስ ትተኛለሽ?»

«አልተኛም» አልኩት። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ስለ ማመልከቻው አላነሳሁም። ሲነጋገሩበት የሚሸሽ ሰው ነው። ቀዩን መብራት አጥፍቼ ሳሎኑን ለሻምበል በሂተር አሞቅሁላቸው።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ገባ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሻምበልን ሰላም አለ። ቅደም ተከተሉ ይመዝገብልኝ። በእጁ፣ ሙቀት እንጂ ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ አምፖል ይዟል። ገጠመው። ሰባ። ጨለማ። ሻምበል ወዲያው ተኙ።

ሾርባ እየበላ፣ ቀና ሳይል፣ «ትናንት ነዳጅ ማደያ ፓርክ አድርጌ ላክሁት» አለ። ማመልከቻውን። ሰኞ እንደውላለን ብለውታል። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

ስልኩ ጠራ። ጭነት የሚመድብለት ዲስፓቸሩ ነው፤ ባሌ እንዳለኝ፣ ነገ ወደ ዴንቨር የሚሄድ ጭነት አለው። አላነሳም። ሁለተኛ ሲጠራ ስልኩን በፊቱ ደፋው። በሦስተኛው ይዞት ኩሽና ገባ። በሩን አልዘጋም። ይህን እየጻፍኩ አዳምጣለሁ። ሰውየው ብዙ ያወራል። ባሌ እስካሁን «ኦኬ» አላለም።