የጋሽ ካሣሁን ድምፅ

መጋቢት 11

እኔ ያቤፅ እምሩ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ በከፊል ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ፦ የጋሽ ካሣሁንን ድምፅ ሰርቄያለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እህቴ ራኬብ ውጭ ለትምህርት እንደሄደች፣ «ጋሽ ካሣሁንን ጠይቅልኝ፤ ገቢ የሌለኝ ተማሪ ነኝ፤ እዚህ አገር ለግብር ቢሮ ቅጽ መሙላት አለብኝ ወይ?» ብላ መልእክት ላከችልኝ። የአባዬ ጓደኛ ናቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ግብር ያስከፈሉ። የካፌ ደረሰኝ እንኳ እስከ ማተሚያ ቤቱ ስም ድረስ አንብበው ነው የሚከፍሉት። ከእሪ በከንቱ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ሄጄ አዋጅ ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ ልስማ? ሰነፍኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ድምፃቸውን አስመስዬ፣ በስልኬ ቀድቼ ላክሁላት፦ «ስሚ ልጄ... እህህም... ገቢ ሳይኖር ምን ግብር አለ? አርፈሽ ተማሪ!»

አመነች። ሦስት ቀን ሳቅሁ።

ዛሬ ደወለች። እያለቀሰች።

መጋቢት 12

ለካ ገቢ የሌለው ተማሪም መሙላት ነበረበት። ስንት ቀን እንደተቀመጥሽ፣ ነዋሪ ነሽ ወይስ እንግዳ... በቅጹ ነው የሚለዩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሞላችም። ሊቀጥራት የነበረው ድርጅት የግብር ማስረጃውን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካላመጣሽ ሥራው የለም ብሏታል። የተማሪ መኖሪያ ፈቃዷ ሰኔ ላይ ያልቃል።

አባዬ አልጮኸም። «ካሣሁን? ካሣሁን እንዲህ ይሥራኝ?» ብሎ ባርኔጣውን አንስቶ ወደሳቸው ሄደ።

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

የቤት ጸሎት ቀን። በየሳምንቱ ከኛ ጋር የሚጸልዩት የጋሽ ካሣሁን ወንበር ባዶ። እማዬ ወንበሩን አላነሳችውም።

መጋቢት 19

ልነግራቸው ሄድኩ። እውነቴን ነው። ከድልድዩ በላይ ያለችው ካፌ ውስጥ ብቻቸውን፣ ማኪያቷቸው ቀዝቅዞ።

«ያቤፅ፣ ለእህትህ እንደዚያ ማለቴ ትዝ አይለኝም» አሉኝ። «ግን ድምፄን ሰምታለች አሉ። ባለፈው የቤቴን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያገኘሁት። እንግዲህ ጭንቅላቴ... ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው።»

«ጋሼ...»

«አቤት ልጄ?»

«ምንም።»

ማኪያቶ ጋበዙኝ። ጠጣሁት! ምን ዓይነት አውሬ ነኝ?

መጋቢት 28

አሁን ብትሞላም ይቀበሏታል፤ ለምን እንደዘገየች ግን በጽሑፍ ታስረዳ ተብላለች። «ባለሙያ አሳሳተኝ» ልትል ነው። ድምፁን ለአባዬ ልካለች። ጋሽ ካሣሁን ሰምተው «የኔ ነው» ብለው ሊፈርሙላት ነገ ይመጣሉ። እሺ ያሉት ወዲያው ነው አሉ። ላልሠሩት!

ዛሬ ማታ እናገራለሁ። ከራት በፊት... ከራት በኋላ...

መጋቢት 29

አልተናገርኩም።

ሳሎን ናቸው። እኔ ጓዳ። መጻፍ ካቆምኩ ሮጬ እጠፋለሁ። አባዬ ድምፁን ከፈተው። «...አርፈሽ ተማሪ!» እንዴት ያስጠላል።

አባዬ፦ «በቃ፣ እዚህ ጋ ፈርም።»

ጋሽ ካሣሁን፦ «ድምፁ አላለቀም እኮ እምሩ። እስከ መጨረሻው ያላየሁት ላይ ፈርሜ አላውቅም።»

ምን መጨረሻ? እዚያው ነው የሚያልቀው... ወይስ መቅጃውን ሳልዘጋው ቀርቼ፣ ራኬብም «ተማሪ» ሲል ዘግታው ነበር?

ኮሽታ። የራሴ ሳቅ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ የእማዬ ድምፅ፦ «ያቤፅ! ምሳህ ቀዘቀዘ!» መልሱ ደግሞ፣ ገና በቅጡ ባልጎረነነው በራሴ ድምፅ፦ «መጣሁ እማዬ!»

አባዬ ስልኩን ዘጋው።

ወንበር ተንቀሳቀሰ። የጋሽ ካሣሁን ከዘራ... ወደዚህ እየመጣ ነው። በሩ ጋ ቆመ። እውነተኛው ድምፅ፣ እህህም የሌለበት፣ ቀስ ብሎ፦

«ያቤፅ...»