አባዬ፣ የገደለህን ባክቴሪያ እያሳደግኩ ነው

አባዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ባለህበት አላህ ይዘንልህ።

ያለ አንተ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያው እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም፤ ቤቱ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ነበር። የዘንድሮው ጸጥ ያለ ስለነበር ረዘመብን። እማዬ አዛን ሊል ሲል አሁንም ወደ በሩ ነው የምታየው፤ አንተ ከሱቅ የምትመለስበት ሰዓት ነዋ።

ሱቁን አብሮህ ከወሎ የመጣው ጋሽ እንድሪስ ይዞታል። ጨርቁን እንዳንተ አድርጎ አያጥፍም እያለች እማዬ ታማዋለች፤ እሱም ያውቃል፣ ግን አይቀየምም። እኔ ወደ ሮማናት አደባባይ ስወርድ በሌላ በኩል እዞራለሁ እንጂ በሱቁ ፊት አላልፍም። ደክሞኛል አባዬ። ይህን ለሰው አልናገርም። ጎረቤቶቻችን ከሩቅ ሲያዩኝ «ኣጆኺ»፣ በርቺ ይሉኛል፣ እኔም እንደበረታ ሰው እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጣለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ሥራዬ ነው። እሱ ነው እኔንና እማዬን ያጣላን፤ አንተ ብትኖር መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነበር።

ታስታውስ እንደሆነ፣ የሱቁ የብረት በር ቅልጥምህን ሲልጥህ ያወራኸን እየሳቅክ ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቀደህ አሰርክበትና ቀኑን ሙሉ ቆመህ ስትሸጥ ዋልክ። ቁስሉ ከጥፍር አይበልጥም ነበር። ከዚያ እግርህ ቀላ፣ አበጠ፣ ብርድ ብርድ አለህ። ክሊኒክ የሰጡህ እንክብል አልሆነም። መርፌውም አልሆነም። ሆስፒታል ስትተኛ ከቁስልህ የተወሰደው ናሙና እኛ ላቦራቶሪ መጣ፤ ውጤቱን ያነበብኩትም እኔ ነኝ።

ባክቴሪያው በሚያድግበት ሳህን ላይ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያንተ ግን እስከ ወረቀቶቹ ጠርዝ ድረስ በቅሎ ነበር። አላመንኩም፤ ሳህኑን መስኮት አጠገብ ወስጄ እንደገና አየሁት። መድኃኒት በጠፋባቸው ዓመታት ሁላችንም ያገኘነውን ስንውጥ፣ ትንሽ ሻል ሲለን የተረፈውን ለሌላ ቀን ስናስቀምጥ ነው የኖርነው። ባክቴሪያዎቹም በዚያው መድኃኒቱን ለመዱት።

ያን ቀን ሥራ ስጨርስ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኩህ። «ታዲያ ይሄኛው ካልቻለው የሚችለውን ይፈልጉለታ! አብሽሪ ልጄ» አልከኝ። ላጽናናህ መጥቼ አጽናንተህ ሸኘኸኝ።

የሚችለው መድኃኒት ከአዲስ አበባ መጣ። ባክቴሪያውንም ገደለው። ባክቴሪያው ቀድሞ ደምህ ውስጥ የረጨውን መርዝ ግን ሊያቆመው አልቻለም።

ከቀብርህ በኋላ ወደ ሥራ መመለስ አልፈለግኩም ነበር። የመለሰችኝ አለቃዬ ዶክተር ለምለም ናት። ቤታችን ድረስ መጥታ ከእማዬ ጋር ስታለቅስ ዋለች፤ ልትሄድ ስትል ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ስለ ፔፕታይድ ነገረችኝ። ፔፕታይድ አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ነው። እኛ የያዝነው ዓይነት ባክቴሪያውን አይገድለውም። ሰውን የሚጎዳው ባክቴሪያው የሚረጨው መርዝ ነው፤ የሰውነታችንን ሴሎች ይበሳቸዋል። ፔፕታይዱ መርዙ ላይ ተለጥፎ እንዳይበሳ ይይዘዋል። ባክቴሪያውን ሰውነት ራሱ ይታገለዋል። ባክቴሪያውን ሊገድለው ስለማይሞክር ደግሞ እንደ ሌሎቹ መድኃኒቶች ቶሎ አይለምደውም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

የምንሞክርበትን ባክቴሪያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጥናቸው መምረጥ ነበረብን። አንዱ ከእግርህ የተወሰደው ነበር። ዶክተር ለምለም መለያውን ስታይ «ይህን እንተወው ሐያት፣ ሌላ አለ» አለችኝ።

«አይ፣ እሱ ይሁን» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አሁንም በደንብ አላውቀውም።

እናም አባዬ፣ በየሳምንቱ አሳድገዋለሁ። ምግቡን አዘጋጅለታለሁ፣ ሙቀቱን እጠብቅለታለሁ። በማግስቱ ሳህኑን ሳወጣ ወርቅማ ነጠብጣብ ሆኖ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ከድኜው ዘወር እል ነበር። አሁን ለመድኩት፤ መልመዴም ከፋኝ።

እማዬ ያወቀችው አንድ እሑድ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ናሙናዎቹን በረዶ ውስጥ መክተት አለብን። ምሳ ላይ ተደወለልኝና ጉርሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሮጥኩ። ስመለስ «ለምኑ ነው እንዲህ የምትሞቺለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ደክሞኝ ስለነበር ሳላስብ እውነቱን ነገርኳት።

«አባትሽን የገደለውን ነው የምትቀልቢው?» አለች።

«መርዙን የሚያቆም መድኃኒት እንዲገኝ ነው እማዬ።»

«እሱንስ ይገድለዋል?»

«እሱን አይገድለውም።»

«ታዲያ ካልገደለው ምን ይሠራልኛል!»

ላስረዳት ስጀምር ትሪውን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታነጋግረኝም ነበር። ታውቃታለህ፣ ስትቆጣ ዕቃ አታንኳኳም፤ ጭራሽ ድምጿን ታጠፋለች። አንተ ነበርክ የምታስታርቀን።

ፔፕታይዱ ከውጭ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልን። ያ ሁሉ ሣጥንና በረዶ ሲገለጥ በጣት ጫፍ የምትነሣ ነጭ ዱቄት ናት። ሙከራውን ብታየው ይገባህ ነበር። የበግ ደም ውስጥ መርዙን ስንጨምር ሴሎቹ ይፈርሱና ቱቦው ከላይ እስከ ታች ቀይ ይሆናል። ሴሎቹ ከተረፉ ግን ታች ይዘቅጣሉ፣ ውኃው ከላይ ጥርት ይላል።

በመጀመሪያው ሙከራ ፔፕታይድ ያለበትም የሌለበትም ቀይ ሆነ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ዶክተር ለምለም መጠኑን አስተካክላ እንደገና ሠራን። ቱቦዎቹን ከማሞቂያው ሳወጣ ፔፕታይድ የጨመርንባቸው ጠርተዋል፤ ደሙ ታች ተኝቷል። ዶክተር ለምለም ትከሻዬን ያዘችኝ። እኔም አልዘለልኩም አባዬ። ቁጭ ማለት ብቻ ነው ያማረኝ። ስንደግመውም ያው ሆነ።

መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም። ከቱቦ እስከ ሰው ድረስ ገና ብዙ ዓመት አለ፤ መሐል ላይ ከንቱ ሊሆንም ይችላል። ለአንተ እንደማይደርስ ግን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

ማታውን ለእማዬ ነገርኳት። ጠዋት ልወጣ ስል ሻርፗን አስተካክላ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ልየው» አለች።

በባጃጅ ላቦራቶሪያችን ወዳለበት ወደ እንዳ ኢየሱስ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጣን። ነጭ ጋዋን አለበስኳት፤ እጅጌው ረዝሞባት እኔ አጠፍኩላት። ሳህኑን ክዳኑን ሳልከፍት አሳየኋት። ዐይኗን ሳትነቅል ቆየች። «ይህቺው ናት?» አለች። ከዚያ ቱቦዎቹን አሳየኋት፤ ቀዩንና የጠራውን።

«የአባትሽ የትኛው ነው?»

ቀዩን ጠቆምኳት። እሷ የጠራውን በጣቷ ነካችው። «ይሄኛው ቢኖረው ይተርፍ ነበር ማለት ነው።»

«ሊተርፍ ይችል ነበር እማዬ። ምናልባት።»

እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከቀብርህ ሰሞን ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ዶክተር ለምለም ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችልን።

ስንመለስ እማዬ በእግር እንውረድ አለችኝ። ክንዴን ይዛ፣ ተማሪዎቹን እያሳለፈች፣ ብዙ ሄድን።

«ነገም ትገቢያለሽ?» አለችኝ።

«እገባለሁ።»

«ግቢ እንግዲህ። ምሳሽን ሳትበዪ ግን አትዋዪ።»

እርቃችን ይኸው ነው። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ አብራኝ ስለምትደክም ግን ይሻላል።

ያ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፤ ስምህ አልተጻፈበትም፣ እንዲጻፍበትም አልፈልግም። በእሱ አላስታውስህም፣ በታመመው እግርህም አላስታውስህም። የማስታውስህ ለጁሙዓ ስትለባበስ መንዙማ እያንጎራጎርክ፣ ግጥሙ ሲጠፋብህ ቦታውን በእኔ ስም ስትሞላው ነው። ሰሞኑን እማዬ ዕቃ ስታጥብ ያንኑ መንዙማ ጀምራለች። አንተ ቃሉ ይጠፋብህ የነበረበት ቦታ ስትደርስ እሷም «ሐያት» ትላለች፤ እኔም ካለሁበት ክፍል ሆኜ አቤት እላለሁ። እስካለሁ ድረስ፣ አባዬ፣ አቤት እላለሁ።

ልጅህ ሐያት
መቐለ