ከመርፌ ነጻ ወጣች

ኅዳር 4
ጠዋት ቡና ለቀማ። ከሰዓት ጤና ጣቢያ። ስኳሬ በኪኒን አልወርድ ብሏል። ከእንግዲህ ኢንሱሊን ነው አለች ነርሷ ሮሆቦት፣ ራሴው ሆዴ ላይ የምወጋው። መርፌውን ስታሳየኝ ጆሮዬ ጭው አለ... ስነቃ ወለል ላይ ነኝ። በስልሳ ዓመቴ! አንዷ በሽተኛ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሳቂ።

ኅዳር 7
አልተወጋሁም። ልጄ ደግነት ሲጠይቀኝ ተወጋሁ አልኩት።

ኅዳር 8፣ እሁድ
የጸሎት መሪያችን ባልቻ "መርፌው እንዴት ነው?" አለኝ። "ትቼዋለሁ" አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው። መድረክ ወጥቶ "እህታችን ከመርፌ ነጻ ወጣች!" ብሎ አረፈው! እልልታው! ስሞት እንኳ እንዲህ አይጮኹልኝም። አላረምኩትም። ፈሪ ከመባል የተፈወሰች መባል አይሻልም?

ኅዳር 13
ዓይኔ ብዥ ይላል። ፊደሉ ተደራረበብኝ። ባሌ በሕይወት እያለ ከልክሎኝ፣ ከቀበርኩት በኋላ የተማርኩት ፊደል... ይሄም ሊወሰድብኝ?

ኅዳር 14
ለሮሆቦት እውነቱን ነገርኳት። ስኳሩ ነው፣ ካልተወጉ ዓይንዎ ይጠፋል አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
"እማማ፣ በልጅነትዎ መርፌ ሲወጉ ምን ገጠመዎት?"
ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኳት፦ ለክትባት መሬት ላይ አጋድመው ያዙኝ። አባቴ ጉልበቴ ላይ ተቀምጦ...
"ሰውነትዎ ያንን አልረሳም። መርፌ ሲያዩ የደም ግፊትዎ ድንገት ይወርዳል፣ ይወድቃሉ። ጭው ሊልዎት ሲል እግርዎንና ሆድዎን ይወጥሩ።"
"እንዴት አድርጌ?"
"ለቆጮ እንሰት ሲፍቁ ግንዱን በተረከዝዎ ሳንቃው ላይ ይጫኑት የለ? እናቴ ጭኗ ድንጋይ ነበር የሚሆነው። እንደዚያ።"
ተረከዜን ግድግዳው ላይ ተከልኩ። ወጋችኝ። ፈራሁ። ግን አልወደቅኩም።

ኅዳር 15፣ እሁድ
ባልቻ ለምስክርነት ጠራኝ። ወጣሁ። "አልተፈወስኩም። መርፌ ፈርቼ ነው የተውኩት። ትናንት ተወጋሁ" አልኩ።
ባልቻ ጠጋ አለኝ።
"እህቴ፣ እምነት ካለሽ..."
"ወንድም ባልቻ፣ እስቲ አንተም በእምነት መነጽርህን አውልቅና የዛሬውን ጥቅስ አንብብልን።"
ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም። ባልቻ ቶሎ መዝሙር አስጀመረ።

ኅዳር 19
ራሴን መውጋት ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ። ዛሬም እጠላዋለሁ። ፊደሉ ትንሽ ጠራልኝ።
ጠዋት በር ተንኳኳ። ዘርትሁን ናት፣ ከመዘምራኑ። ስኳር እንዳለባት አላውቅም ነበር። የኢንሱሊን መርፌዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች።
"እኔም ትቼው ነበር። እልል ሲሉልሽ..."
አላስጨረስኳትም።
"ግቢ። መጀመሪያ እኔ ስወጋ እዪ።"