ከቋጥኙ ማዶ ያለው አሸዋ

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀፕስታውን፣ ጆሃንስበርግ

ይህ ደብዳቤ ደርባን ለሚኖረው ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሽ ወንድሜ ይድረስ። የምጽፍልህም ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ፣ የልጄ ሰርግ መሆኑን ስላወቅሁና ማወቄንም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔው እንድትሰማው ስለ ፈለግሁ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጤናህ እጠይቃለሁ። ጨጓራህ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ያመመኝም አውቶቡስ ላይ ብዙ ሰዓት ስለ ተቀመጥሁ ነው፤ ወዴት ሄጄ እንደ ነበር ከታች ታነበዋለህ።

የከተራ ዕለት ደውለህ ያልኸኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጋሼ፣ ጉድ ሆነናል! ባሕሩ ዳር ታጥሯል። ጎርፍ የጠረገውን አሸዋ እንመልሳለን ብለው ትራክተር አሰልፈዋል፤ ቱቦው እንደ ዘንዶ ተጋድሟል። ሙሽራዋን በቬሎ አሸዋ ላስዝቃት እንዴ?» አልህ። ሣቅሁ። ቀጥለህም ሁዳዴ ሳይገባ ሌላ ቦታ አይገኝምና ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አልኸኝ። አመንሁህ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደግሁህን ሰው አለማመን ከየት ልማር?

ይህን ሰርግ ሳልወደው እንደ ፈቀድሁ ታውቃለህ። ዳዊት ደግሜ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልጄ ጫማዋን አውልቃ በባሕር ዳር ልታገባ ነው ሲሉኝ ጆሮዬን ተጠራጠርሁ። ሙሽራው ማናሴ ጻካኔ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ታታሪና ጨዋ ልጅ ቢሆንም በእምነት ከእኛ ይለያል። ሽማግሌዎቹን ሦስት ጊዜ ቤቴ ድረስ ያመጣሃቸው አንተ ነህ። ሁለት ጊዜ መለስኋችሁ። በሦስተኛው ግን ሁሉንም ትቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ በሰርጓ ቀን እንደ አባት ቆሜ፣ መክሬና መርቄ ልሸኛት። በሽማግሌዎቹ ፊት ብድግ ብለህ «ይሄማ የጋሼ ቦታ ነው፤ ማንም አይነካበትም» ያልኸውም አንተው ነህ።

ምክሩን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። የመጀመሪያውን ገጽ በስልክ ሳነብላት ፀገነት «አባባ፣ አሥራ አንድ ገጽ! እንግዳው እኮ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው፤ ሜካፔም ቀልጦ ያልቃል» ብላ ሣቀች። ከዚያ ሣቋን ተወችና «እንደ ኤልሳቤት አታደርገኝም አይደል?» አለችኝ።

ኤልሳቤትን፣ የዮአብን ሙሽራ፣ ታስታውሳታለህ። ዐምና አሌክሳንድራ ሰፈር በሰርጓ ላይ ማይክሮፎን ሲሰጡኝ ስለ ተገለጠው ትከሻዋ መናገር የሚገባኝን ተናገርሁ። አልቅሳ ወጣች፤ ኬኩም ያለ እርሷ ተቆረጠ። እውነት መናገሬን ዛሬም አልክድም። ተከትላት የወጣችው ፀገነት ነበረች። እንግዲህ በስልክ ለጠየቀችኝ «ጥፋት ከሌለብሽ ምን ያስፈራሻል?» ብዬ መለስሁላት። ከትናንት ጀምሮ ይህን መልሴን ስመላለስበት ነው የዋልሁት። ምን ማለት እንደ ነበረብኝ ግን ለአንተ አልጽፍም።

ቀን ከተቆረጠና ሰው ከተጠራ በኋላ ሰርግ ማስተላለፍ በእኔ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ለማንም ሳልነግር ማክሰኞ ወደ ደርባን አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ሐሳቤ የአሸዋውን ሥራ አለቃ ለምኜ ለአንድ ቀን ከሰዓት አንድ ጥግ እንዲለቅልን ማድረግ፣ ከተሳካልኝም ደጅህ ድረስ መጥቼ «ተነሡ፣ ሰርጉ አለ!» ማለት ነበር። አለቃው ባፈና የሚባል መልካም ሰው ነው። ኮፍያዬን አውልቄ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለመንሁት። በዕድሜዬ ሰው ለምኜ እንደማላውቅ አንተ ምስክሬ ነህ።

ባፈና ፈገግ ብሎ «ባባ፣ እሱ ነገር እኮ አልቋል!» አለኝና በጣቱ አመለከተኝ። የእነርሱ ሥራ ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከቋጥኙ ማዶ ያለው አሸዋ ንጹሕና ክፍት ነው። ሰርገኞቹ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቦታውን ወደዚያ አዛውረዋል፤ ቅዳሜም በአሥር ሰዓት ይሰበሰባሉ። ነጫጭ ወንበሮች ተደራርበው፣ የድንኳኑም ብረት ተከምሮ በዐይኔ አየሁ።

ወንድሜ፣ አጥሩም፣ ትራክተሩም፣ ቱቦውም ልክ እንዳልኸው ነበሩ። ከነገርኸኝ ሁሉ ውሸቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለእኔ ብቻ የተዘጋጀ ነበር።

ከዚያ ቤትህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልመጣሁም። በመጣሁበት መንገድ ተመለስሁ። ወደ ልጄ ሰርግ ሳልጠራ አልገባም። ፀገነት ራሷ ብትጠራኝ ግን ጉልበቴ አይከለክለኝም፤ ስልኬም ክፍት ነው።

የጭነት መኪና ነጂው ዓብዩ ነገ ጠዋት ዕቃ ጭኖ ወደ ደርባን ስለሚወርድ ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። አሥራ አንዱን ገጽ ቀድጄዋለሁ። ከዚያ ሁሉ የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ ካልተጠራሁ ቅዳሜ ቆመህ አንብብላት፦ «ልጄ፣ ቤትሽ ሰላም ይሙላበት፤ ወልደሽ ሳሚ፤ በልብስሽም በባዶ እግርሽም ዛሬ ያማርሽ ነሽ።» ከእኔ መሆኑንም ንገራት። ውሸት ይበቃናል።

አንተንም እንዳልረግምህ አብረን የጠባነው ጡት ይከለክለኛል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ሴት ልጆችህን ለመዳር ያብቃህ፤ በዚያም ቀን ቦታህን ማንም አይውሰድብህ።

እንደ ልማዴ ከሥር «የፀገነት አባት» ብዬ ልፈርም ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን የባፈና ቃል እጄን ያዘኝ፤ ስለዚህ ታላቅ ወንድምህ ብቻ ብዬ እፈርማለሁ። የሙሽራይቱ አባት መሆኔን ስነግረው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና በትሕትና እንዲህ አለኝ፦

«አይ ባባ፣ የሙሽራይቱን አባት እኔ አውቀዋለሁ። ቤቱ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው፤ ትናንት አብረን ሻይ ጠጥተናል፤ ቅዳሜ እንዳትቀር ብሎ እኔንም ጠርቶኛል።»