ጠርዙም እንደ መሃሉ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ዓይንዎስ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እሺ አለ ወይስ አሁንም እህቴን ነው የሚጠሩት? እማዬስ ጉንፋኑ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ወፍሬያለሁ።

እህቴ ስትደውል፣ ጎረቤት ስለ እኔ ሥራ ሲጠይቅዎት «ፕላስቲክ ታቀልጣለች» እንደሚሉ ነግራኝ ሳቅሁ። ብዙም አልተሳሳቱም። ፕላስቲኩን በኬሚካል አሟሙተን እንደ ማር ሲወፍር፣ ናኖ የሚባል እጅግ የደቀቀ ዱቄት እንቀላቅልበታለን። ከመድቀቁ የተነሣ የፀጉር ዘለላ አጠገቡ ግንድ ናት። ከዚያ መስተዋት ላይ በስለት አሳስተን እንዘረጋውና ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። ወዲያው ነጣ ብሎ ይላቀቃል፤ እርስዎ ለኮት ከሚያስገቡት ገበር የሳሳ ማጣሪያ ይወጣዋል። ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የሚወጣ ውሃ ሲያልፍበት ቀለሙን አስቀርቶ ውሃውን ይለቃል። ዱቄቱ የሚገባው ውሃው ቶሎ እንዲያልፍ፣ ማጣሪያውም እንዳይደፈን ነው።

አሁን የገጠመኝን ላጫውትዎት። አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባ አለ፤ ጥድፊያ ስለሚወድ «ቶሎቶሎ» ብዬዋለሁ። ባለፈው ወር የሠራነው ማጣሪያ ሲፈተን፣ ሰማያዊው ውሃ ከላይ ገብቶ ከታች ኩልል ብሎ ወረደ፤ ፍጥነቱም ዱቄት ከሌለበት እጥፍ ሆነ። ፕሮፌሰራችን ደስ ብሏቸው በዓመታዊው ስብሰባ ላይ አቅርቡት አሉን። ካማረልን ቅጥሬ ይራዘማል፤ ካላማረ ሻንጣ ማሰር ነው። ቶሎቶሎ እግሩ መሬት አልረግጥ አለ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የፈተንነው ሁልጊዜ ከመሃል የቆረጥነውን ነበር። ከጠርዙ ቆርጬ ብፈትነው የወረደው ውሃ ሰማያዊ ሆነ። በትልቁ ማይክሮስኮፕ ስናየው ዱቄቱ ጠርዝ ጠርዙን ተጓጉሏል፤ በየጉብታው ሥር ቀዳዳ አለ።

ቶሎቶሎ፣ «መሃሉን ብቻ እናቅርብ፤ ስለ ጠርዝ ማን ይጠይቃል?» አለኝ።

«ፋብሪካ ሲገባ ውሃው በመሃል ብቻ እለፍ ቢሉት ይሰማል?» አልኩት።

ጓንቱን አወለቀና፣ «እንግዲያው ፕሮፌሰሩ ዘንድ አብረን እንግባ፤ ቁጣውን ብቻሽን አትቅመሺው» አለ።

ገብተን ነገርናቸው። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው የማይክሮስኮፑን ፎቶ አቀርቅረው አዩ። እኔ በልቤ ልብሴን ማጠፍ ጀምሬያለሁ። ኋላ ቀና ብለው፣ «ስብሰባው ደርሷል፤ እዚህ ምን ያቆማችኋል? ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሆን ሠርታችሁ አምጡ» አሉን።

አባባ፣ እንደዚያ ሰሞን ሮጬ አላውቅም። ዱቄቱን ቀነስን፤ በድምፅ ኃይል የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ውስጥም በደንብ እስኪበታተን አቆየነው። ቶሎቶሎ መሣሪያው አጠገብ ወንበር ስቦ አልነቃነቅ ሲል፣ ያየው ሁሉ «ታሟል እንዴ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አዲሱን ማጣሪያ ከመሃልም ከአራቱም ማዕዘን ቆርጠን ፈተንን። ከሁሉም የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ፍጥነቱ እንደ ፊተኛው እጥፍ ባይሆንም፣ ዱቄት ከሌለበት በደንብ ይሻላል።

በስብሰባው ላይ አንዲት የፋብሪካ መሐንዲስ ተነሥተው፣ «ያልሆነላችሁስ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ አፌን ሳልከፍት ቶሎቶሎ ተነሣና የተጓጎለውን ፎቶ ራሱ አሳያቸው። ሴትዮዋ ወዲያው፣ ተለቅ ያለ ሠርታችሁ እኛ ዘንድ ሞክሩት አሉን። የእኔም ቅጥር ለሁለት ዓመት ተራዘመ።

መራቁ ረዘመ ብለው አይዘኑብኝ። ከአዲሱ ሥራ በፊት የአንድ ወር ዕረፍት ተሰጥቶኛል፤ ትኬቱንም ቆርጫለሁ። እዚህች ላይ ሲደርሱ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ለእማዬ እንዳይነግሯት፣ ድንገት በሩን ላንኳኳባት ነው።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እህቴን ስልክ ላይ ያሳቀችኝን ያህል ሳቅ ይስጥሽ ይበሉልኝ። ባለቤቷን አማቻችንን፣ እንዲሁም የሚጣሉትን መንትዮች አንድ ላይ አቅፈው ሰላም ይበሉልኝ። ለጎረቤቶቻችንም፣ ፕላስቲክ አቅላጯ ደህና ናት ይበሏቸው።

የምትናፍቅዎት የመጨረሻ ልጅዎ፤
ከመኝታ ክፍሌ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን።