የሺን ጠይቅ

ይድረስ ለሞገሴ፣ ለቤቴ ሰው።

እንደ ወጉ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለየትኛው ጤና ብዬ ተውኩት። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ሙት ዓመትህን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ የመካነ ሰላምን ብርድ አልወድም ቢልም እጄ አልሰነፈም። የስፌት መኪናዬን አንተ ትቀመጥበት ወደነበረው መስኮት አዙሬዋለሁ፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል። ይኸን ስንት ዓመት ስነግርህ «የኔስ ዓይን ብርሃን አይፈልግም?» እያልክ እምቢ እንዳልከኝ አልረሳሁም። ጎረቤታችን እትየ ዘሀራ ልጇን ሐሊማን አሥራ አንደኛ ክፍል አድርሳልሃለች። ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጣሪያው ላይ ይወድቃል እያልኩ መጨነቁ ሰለቸኝ።

ይኸን ሁሉ በደህና ቀን እጽፍልህ ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን አቅለሽልሾኝ ነው። ለሰው ባወራው ቅናት ይመስልብኛል፣ ለንስሐ አባቴ ብናገር ይቅር በይ ይሉኛል። ይቅር ለማለት ገና ነኝ። ላንተ ልንገርህና ይውጣልኝ።

ያንን ጓደኛህን ታስታውሰዋለህ፤ ካንተ ጋር እንግሊዝኛ የሚያስተምረውን። ስሙን አልጽፈውም፣ ወረቀቴን ያቆሽሽብኛል። በሠልስትህ ዕለት ድንኳን ውስጥ ከኔ በላይ አለቀሰ። እንባውንም ንፍጡንም በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት፤ አሁን ሳስበው ነጠላውን ማቃጠል ያሰኘኛል። ሲረጋጋ ያንን ሰማያዊ ጥራዝ ደብተርህን ለመነኝ። «ለማስታወሻ ነው እትየ፣ እሱን እያየሁ ልጽናና» አለኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ በገዛ እጄ ሰጠሁት።

ስለ ደብተሩ እውነቱን እንነጋገር። እኔም አልወደውም ነበር። ያንን ሽፋን የሌለው የጥንት የእንግሊዝ ተውኔት ከደሴ ገዝተህ ከመጣህ ወዲህ ቤታችን ሦስተኛ ሰው ገባበት። ተማሪዎችህ ቃላቱ አልገባ ሲሏቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪናዬ ፊት ቆመህ ትተውንልኛለህ። ቃሉን አትነግረኝም፤ የምትነግረኝ ነገሩን ነው። እንግዳ መጥቶ አልቀምስም ብሏል፣ ባለቤቲቱ እየለመነችው ነው፣ አገርሽ ከላላ ቢሆን እናትሽ ምን ትለው ነበር? ትለኛለህ። እኔም ከስፌቴ ቀና ሳልል «በሞቴ» እልሃለሁ። አንተም «ይኸው ፕሪዚ ማለት!» ብለህ ደብተሩ ላይ ትጽፋለህ። ጌታው በጠራው ቁጥር «አኖን፣ አኖን» የሚለውን አሽከር ስትነግረኝ፣ «መጣሁ መጣሁ ብሎ መቅረት ነዋ፣ ያንተ ዓይነቱ» አልኩህ፤ ስቀህ እንደወረደ ጻፍከው። «ማሪ» የሚለውንስ? ሰዎቹ በየንግግራቸው መነሻ ጣል ሲያደርጉት ልጆቹ ጋብቻ መስሏቸው፣ ይኼ ሁሉ ሰው ማንን ሊያገባ ነው ብለው ሲጨነቁ፣ እኛ «ማርያምን!» እንደምንለው ያለ መሐላ መሆኑን ያገኘነው እኔና አንተ ነን።

አንዳንዴ ግን መርሮኝ፣ «ባለቤቶቹ እንኳ የጣሉትን የሞተ ቃል አንተ ምን ያደርግልሃል?» ብዬሃለሁ። አልተቆጣህም። ልጆቹ ደንቁረው ሳይሆን መጽሐፉ አርጅቶ እንደሆነ እንዲያውቁ ነው ያልከኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ የጨርቄ ጠርዝ ጠምሞብኝ ነበር መሰለኝ።

ባለፈው ወር ሐሊማ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን መጽሐፍ ይዛ እየሳቀች ገባች። የጀርባው ሽፋን ላይ ያ ሰው በከረቫት ፎቶ ተነሥቶ ፈገግ ብሏል። ውስጡ ያንተ ቃል፣ ያንተ አማርኛ። ልጅቱን ያሳቃት ግን ሌላ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ከቃሉ ፍቺ ሥር «ጥቁር ክር፣ አትርሳ» ተብሎ ታትሟል። እኔ ያዘዝኩህ ክር! ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ «የሺን ጠይቅ» ይላል። ሐሊማ ጣቷን አስቀምጣ፣ «ወላሂ እትየ የሺ፣ ይቺ አንቱ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ መጽሐፉን ከእጇ ተቀብዬ ገጽ በገጽ አየሁት። ሰውየው ሰርቆ እንኳ አላነበበውም። ያነበበው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ማሪን «ማግባት» ብሎ አርሞታል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ይኼኛው የዋጠውን እንኳ አላላመጠም። ንዴት ቢሆን ደግ ነበር፣ ንዴት አድሮ ይበርዳል። እኔን ግን ከወጡ ውስጥ ዝንብ እንዳገኘ ሰው ነው ያደረገኝ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረበልኝ ሁሉ እሱን እሱን አለኝ።

በማግሥቱ መምህራን ክፍል ድረስ ሄድኩ። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ትሕትናው ራሱ ይቀፋል። ሥራው ጠፍቶ እንዳይቀር ብሎ እንዳሳተመው ነገረኝ። የሞገስ ስምስ? ስለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል እትየ?» አለኝ። ደብተሩን መልስ አልኩት። በፌስታል አምጥቶ ሰጠኝ። መንገድ ላይ ገለጥኩት፤ ስምህን የጻፍክበት የመጀመሪያው ገጽ በምላጭ ተቆርጧል። የሞተ ሰው ስም ምንም የማያደርግ ከሆነ ምላጩን ምን አስነሣው? አጥሩን ተደግፌ አስመለሰኝ። ለነገር ማሳመሪያ አይደለም፣ እውነት አስመለሰኝ። ቤት ስደርስ ዘሀራ አፌን አስጉመጥምጣ «አብሽሪ፣ አላህ ያያል» አለችኝ። እሱ ማየቱን አውቃለሁ፤ የጎዳኝ እኔም ማየቴ ነው። ደግሞም የተጸየፍኩት እሱን ብቻ አይደለም። ጠቅልላ የሰጠችውን እጄንም ስታጠብ አፍርባታለሁ።

ይኼ ሁሉ አልበቃውም። ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ደብተርህ መጨረሻ ላይ «ትሮዝ» የሚል ቃል አለ። እንደ ሌሎቹ ፍቺ የለውም፤ «የሺን ጠይቅ» ብለህ ብቻ ትተኸዋል። ሳትጠይቀኝ ሕመሙ ጣለህ። እሱም እንዳለ አሳትሞት፣ ተማሪዎቹ መልሱ የታለ ብለው መድረሻ አሳጥተውታል። «ለሁለተኛው እትም ነው፣ ስምዎንም ምስጋናው ላይ አስገባለሁ» አለኝ፣ ኮፍያውን አውልቆ።  «ጠይቅ የተባለው አንተ አይደለህም። መልሱን ከፈለግህ ሂድና ሞገስን ጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አለልህ» አልኩትና በሩን ዘጋሁ። 

ሐሊማና ሦስት ጓደኞቿ ግን ሲመጡ አስገባኋቸው። እነሱ የመጡት «የሺን ጠይቅ» የሚለውን አምነው ነው። አስቀድሜ ሁሉም መጽሐፋቸው ላይ «መምህር ሞገስ ያዘጋጀው» ብለው በእስክሪብቶ እንዲጽፉ አደረግሁ። ባለ ከረቫቱን ፎቶ ምን እንዳደረጉት አልነግርህም፣ ትስቃለህ። «ማግባት» የሚለውን ሰርዘው «ማርያምን!» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ሐሊማ የመጨረሻው ቃል ያለበትን ቦታ ከተውኔቱ አንብባ ነገረችኝ፤ ልክ እንዳንተ፣ ቃሉን ትታ ነገሩን። ሰውየው ሩቅ አገር ሊሄድ ነው፣ መመለሱ አይታወቅም። ሴትየዋ ደጅ ድረስ ሸኝታው እጁን ይዛለች። እሱ እንዳይረሳት፣ እሷም እንዳትከዳው የሚሰጣጡት ነገር ነው። «ከላላ ቢሆን እናትሽ ምን ትል ነበር?» የሚለው ድምፅህ መጣብኝ።

ለልጆቹ ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። አስቀድሞ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ፤ ካንተ በፊት ለማንም አልናገርም።

እናቴ አባቴን ለረጅም መንገድ ስትሸኘው አታለቅስም ነበር፣ ቶሎ ና እንኳ አትለውም። በቅሎው ላይ እስኪወጣ ጠብቃ «የምድር የሰማይ አደራ» ትለዋለች። እሱም ያንኑ መልሶ ይላታል፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ሞገሴ፣ መልሱ ይኼ ነው። ከጽሕፈትህ ሥር በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ፊደሌ እንደማያምር ታውቃለህ። አንተ ስትሄድ አፍህ ተይዞ ነበርና ሳንባባለው ቀረን። የኔን ግን ዛሬ ተቀበለኝ፤ እስክመጣ አልረሳህም፣ የምድር የሰማይ አደራ።

ያንተው የሺ