ድንቹን የበላው አፍ

ይድረስ ለእህቴ ለኤኔሌሲ፣ ጆሃንስበርግ።

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሰው ቤት ደረጃ ስትወለውዪ ያምሻል? ባልሽ ሳይመን ሥራ አገኘ? ትንሹ ኢኖኪስ ሳሉ ለቀቀው? በላክሽው ፎቶ ላይ ከስተሽ አየሁሽና ለሚስቴ ለኤስናርት ባሳያት «ፎቶው ነው እንጂ እሷስ አምሮባታል» አለችኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝናቡ ዘግይቶ ስለመጣ በቆሎው ገና ጉልበት አልደረሰም፤ ማንጎውም አልቋል። ሰው አሁን የሚበላው የበቆሎ ፉርሽካ ነው፣ እሱንም ያገኘ።

ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ ስለ ቲያሚኬ ጠየቅሽኝ። እኔም ሦስት ጊዜ «ልጅሽ ደህና ናት፣ ትማራለች» ብዬ መለስኩልሽ። «ታዲያ በእጇ አንድ መስመር እንኳ ለምን አትጽፍልኝም?» ስትዪ ፈተና ደርሶባት ነው አልኩ። ውሸቴን ነው። ልጅሽን ነርስ እንድትሆንልሽ ብለሽ፣ ወንድሜ አስተማሪ ነው ብለሽ፣ በእጄ ትተሽልኝ ሄድሽ። ዘንድሮ የመጨረሻውን ፈተና አትወስድም፤ ያስቀረኋትም እኔ ነኝ። የሚቀጥለውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው የመጨረሻ ክፍሎቹን፣ አራተኛ ዓመቶቹን፣ ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ቲያሚኬም እዚያው ክፍል ናት። ዘንድሮ የጀመርኩት በህዋስ ነው። ሌንሱ በተሰነጠቀው ማይክሮስኮፓችን የሽንኩርት ልጣጭ አሳየኋቸውና «ሁላችንም የተሠራነው እንዲህ ካሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው» አልኳቸው። ላዛሮ የሚባል አንድ ምላሰኛ ልጅ አለ፤ «ቲቸር፣ እኔማ ከሽንኩርት ብቻ ነው የተሠራሁት፣ ዘይት ጠብ አላለብኝም» አለና ክፍሉን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ። ቲያሚኬ ግን አልሳቀችም፤ ማይክሮስኮፑን የሚለቅላት እየጠበቀች ነበር። ተራዋ ሲደርስ ከሁሉም የበለጠ ቆየችበት፤ ከዚያ በደብተሯ ላይ ወፍራሙን ግድግዳ፣ በስተውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን፣ መሐል ያለውን የውኃ ከረጢት፣ ጥግ ላይ የተለጠፈችውን ኒውክለስ አንድም ሳታስቀር ሣለች። ሥዕሉ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

ከዚያ ወደ ሽፋኑ ገባን። የህዋስ ሽፋን ዝም ብሎ ሁሉን አያሳልፍም፣ ሁሉንም አይከለክልም። ውኃ በቀላሉ ያልፋል፤ ጨውና ስኳር እንዲሁ በዋዛ አይገቡም። የበዛ ነገር ወዳነሰበት ለመሄድ ማንም እንዲገፋው አይፈልግም፣ እስኪተካከል ድረስ በራሱ ይሄዳል። ካነሰበት ወደ በዛበት ለመውሰድ ግን ህዋሱ ጉልበቱን ማፍሰስ አለበት። ይህን አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አንድ ቃል አልስትም።

ለማሳየት ደግሞ ድንች ያስፈልጋል። በየካቲት የወረዳው የሙከራ ፈተና አለ፤ እሱን ያልወሰደ ለመንግሥት ፈተና አይመዘገብም፤ በተግባር ፈተናው ላይም ድንቹ በየዓመቱ ይመጣል። ከደጋው ከዴድዛ በሚወርደው መኪና ድንች አስመጣሁና በጣት ቁመት እኩል እኩል ቆረጥኩት። አንዱን ሳህን ንጹሕ ውኃ ሞላሁበት፣ ሁለተኛውን ጨው የበዛበት ውኃ፣ ሦስተኛውን ደረቁን ተውኩት። በንጹሑ ውኃ ያለው ውኃ ጠጥቶ ይደድራል፤ በጨው ውኃ ያለው የራሱን ውኃ ተቀምቶ ይልፈሰፈሳል፣ ያጥራልም። ጠዋት በማስመሪያ ለክተን ምሳ ሰዓት ወጣን። ስንመለስ ሳህኖቹ ባዶ ናቸው። ልጣጩም የለም። በሳምንቱ ደገምኩት፤ አሁንም ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ያን ቀን የጨውን ውኃ ሳይቀር ጠጥተውት ነበር።

ጥሬ ድንች ነው እኮ፣ እትዬ። ጥሬ ድንች የሚሰርቅ ልጅ ምን እንደሆነ ለማወቅ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ተናደድኩ፤ አስተማሪዎቹ ሻይ ላይ «ላስተን ቤተ ሙከራ ነው የከፈተው ወይስ ምግብ ቤት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሌባውን ሳልይዝ አልቀርም አልኩ።

ፐርማንጋኔት የሚባል ሐምራዊ ደቃቅ ፍሬ አለን። አንዷን ፍሬ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣል ስታደርጊያት ማንም ሳያማስላት ውኃውን ሁሉ ታለብሰዋለች። የሰው ገላ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ለቀናትም አይለቅም። ሲበዛ ያቃጥላል፤ ይህንንም አውቃለሁ፣ ጠርሙሱ ላይም ተጽፏል። በሦስተኛው ሳምንት የደረቁን ሳህን ድንች በምላጭ ሰነጠቅሁና በየስንጥቁ ፍሬውን ከትቼ መልሼ ገጠምኩት። በሥራዬ ተደስቼ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ከሰዓት አርባ አንዱንም ተማሪ በሁለት መስመር አሰለፍኩና «ምላስ አውጡ» አልኩ። ማስመሪያዬን ይዤ በየተራ እያየሁ ሄድኩ። «ያንተ ምላስ ጥፋቱ ወሬ ብቻ ነው» አልኩት ላዛሮን። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። እኔም ጨዋታው ጣመኝ። ቲያሚኬ የሴቶቹ መስመር መጨረሻ ላይ ነበረች፣ አፏን ግጥም አድርጋ። ያን ጊዜ ገባኝ። ላልፋት እችል ነበር፤ ሁሉም እኔን እንጂ እሷን አያዩም ነበር። ግን ለእህቱ ልጅ አዳላ እንዳልባል ፈራሁ። «ክፈቺ» አልኳት።

ከፈተች። ምላሷ እንደ ተቃጠለ እንጨት ጠቁሯል፤ የከንፈሯ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተልጧል። ከዚያ ከኋላ ላዛሮ «ቲቸር፣ ሌባው ከቤትዎ ነው የመጣው» አለ፤ ሳቁም መጣ። እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ወር አይፈጅብኝም ነበር። አልተውኩም። ወደ ፊት አወጣኋትና ቀለሙ ወደ ምላሷ እንዴት እንደገባ ለክፍሉ እንድታስረዳ አዘዝኳት። በዚያ አፏ አስረዳች። «ከበዛበት ወዳነሰበት ነው ቲቸር። ሽፋኑ ሲጎዳ ደግሞ የማያሳልፈውንም ያሳልፋል» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ተኮላትፎ ነበር የሚወጣው። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እኔ ገና አላስተማርኩም ነበር። ከመጽሐፍ አንብባ ይሆናል፣ ወይም እዚያው ቆማ አስባው።

ስሜን ላድን ብዬ ደግሞ ሌላ ጠየቅኋት። «በቤቴ አትበዪም?» አልኳት፣ ሁሉም እየሰማ። አርባ ልጅ መልሷን ጠበቀ። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር የምዋረደው እኔ ነበርኩ። እሷ ወለሉን እያየች «እበላለሁ፣ ቲቸር» አለች። ማንም አልሳቀም። እነሱም በየቤታቸው ስለሚርባቸው ውሸቱን ወዲያው አወቁት። የሁለት ሳምንት እገዳ ወረቀቱን እኔው ሞልቼ እኔው ፈረምኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ማን እንደበላ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግድም አልሰጠኝም።

አሁን የማላውቅ መስዬ የኖርኩትን ልንገርሽ። የቤታችንን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ እኔ ከሁለቱ ልጆቼ ጋር በረንዳ ላይ እበላለሁ፣ ኤስናርትና ቲያሚኬ ኩሽና። ሳህኔ ተከድኖ ይመጣልኛል፤ ስከፍተው ነጭ የበቆሎ ገንፎ፣ ንሲማ፣ ከደረቅ ዓሣ ጋር ነው። ዱቄቱ አንቺ በአውቶቡስ ሰዎች የምትልኪው ዱቄት ነው። በኅዳር አንድ ቀን እሳት ፈልጌ ኩሽና በር ድረስ ሄድኩ። ልጅሽ የፉርሽካ ቅንጣቢ ከድስቱ ጥግ በጥፍሯ እየፋቀች ስትበላ አየኋት። ያንቺ ጆንያ ግን መኝታ ቤት ተቆልፎበታል። ኤስናርት ዞር ብላ «ደግሞ ወንድ ኩሽና መግባት ጀመረ?» አለችኝ። ሳቅሁና ክብሪት ተቀብዬ ተመለስኩ። ማታም ያው ተከድኖ መጣልኝ፣ ያው በላሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ በየቀኑ በላሁ።

ኤስናርትን ብቻ እንዳትረግሚ። እሷ የወለደቻቸውን ነው የመገበችው፤ ለእነሱም ወንድሟ አለላቸው፣ ነገ ነገር ቢመጣባቸው የሚቆምላቸው እሱ ነው። በእኛ ወግ ልጅ የእናቱ ወገን ነው፣ ኃላፊውም የእናቱ ወንድም ነው፤ የቲያሚኬ አጎት ደግሞ እኔ ነኝ። የወለድኳቸው ልጆች የሚስቴ ወገን ናቸው፤ በዚህ ዓለም የኔ የምትባል አንዲት ልጅ ብትኖር እሷ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበዛው ወዳነሰበት በራሱ ይሄዳል እያልኩ አስተምሬ ከበረንዳዬ እስከ ኩሽና አሥር እርምጃ የሚሄድ አንድ ጉርሻ አልነበረኝም። አፍራለሁ ማለት አይበቃም፣ ሌላ ቃል ግን አጣሁ።

የሙከራ ፈተናው እገዳው ሳያልቅ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ማሊዳዲ ዘንድ ሄጄ ለመንኩት። «የፈረምከው አንተ፤ አሁን ያንተ ልጅ ስትሆን ልሰርዘው? የሌሎቹ እናቶች ምን ይሉኛል?» አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ፈታኙ እኔ ነበርኩ። ወረቀቱን ስከፍት የመጀመሪያው ጥያቄ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ቁራጭ ድንች ነው። እንደ ደንቡ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቲያሚኬ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከመስኮቱ ማዶ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ነበር፣ ምናልባት ያስገቡኝ ይሆናል ብላ። ሳነብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየመለሰች ነበር። ከክፍሉ ሁሉ በትክክል የመለሰ አልነበረም፤ ላዛሮማ ድንቹ ያጠረው ሰው ስለገመጠው ነው ብሎ ጽፏል። እኔም ዜሮ ሰጠሁት።

አፏ በአሥር ቀን ዳነ። ክሊኒክ ወስጃት ነርሷ ምን ነክቷት ነው ስትለኝ የትምህርት ቤት አደጋ ነው አልኩ። ቀለሙም ለቀቀ። አሁን ኤስናርት ጆንያውን አውጥታ ኩሽና አስቀምጣለች፤ እኔም ሳህኑን በእጄ ይዤ ኩሽና ድረስ እሄዳለሁ፣ ጎረቤት እያየ ቢስቅም። ቲያሚኬ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀብላ «ጠግቤያለሁ፣ ቲቸር» ትልና ለልጆቹ ትሰጣለች። ድሮ ቤት ውስጥ አጎቴ ነበር የምትለኝ። ምን እንደምትበላ አላውቅም። ቀበቶዋ ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስታለች።

ስለዚህ እትዬ፣ አሠሪዎችሽን አስፈቅደሽ ለፋሲካ ነይና ውሰጃት። ሌላ ትምህርት ቤት ዓመቱን ብትደግም ታልፋለች፣ ከኔ ቤት ወጥታ ብቻ። ዱቄት አትላኪ። ስትመጪም ልትሰድቢኝ ከሆነ ቤት ውስጥ አይሁን፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ መጥተሽ ተማሪዎቹ እየሰሙ ስደቢኝ። ሌላ ወንድም እንደሌለሽ አውቃለሁ፤ ሆዴን የሚበላኝ ይኸው ነው።

ለሳይመን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢኖኪን ሳሚልኝ፣ ለሳሉ ማር ስጪው። አብራሽ ለምትኖረው ለዚያች የሳሊማ ልጅ ለናሊያ እናቷ በሕይወት እንዳሉ ንገሪያት። ኤስናርት ጤና ይስጥልኝ ብላለች፣ ዓይኔን ሳታይ ነው ያለችው። ልጆቼ አክስታችን ኳስ ትላክልን ብለዋል። ቲያሚኬንም «ለእናትሽ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል የነገረችኝን እንዳለችው ጽፌልሻለሁ፦ «ደህና ናት፣ እበላለሁ ብላለች ይበሏት፣ ቲቸር።»

ወንድምሽ ላስተን
ሳሊማ፣ መጋቢት መግቢያ፣ ሐሙስ ቀን